የማን ስም ይቅደም?

ፕሮፌሰር አስናቀው ተድባቡ የአንድ ግብርና ምርምር ተቋም ኃላፊ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ከተቋሙ የሚወጣ ጥናት ሁሉ ስማቸውን ከፊት ሳያስቀድም አይታተምም ነበር። ማሳ ላይ ግን ዝር ብለው አያውቁም፤ ጫማቸው ጭቃ አይወድም።

አንዲት የላብራቶሪ ሠራተኛ ዋግ የተባለውን የገብስ በሽታ ስታጠና ሦስት ክረምት ጭቃ ለጭቃ ስትንከራተት ከርማ ጽሑፏን ይዛ መጣች። ፕሮፌሰሩ በስብሰባ መሀል ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «የእኔ ስም ይቅደም፤ አንቺን ምስጋናው ላይ እናነሳሻለን» አሏት።

ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጠረች።

«ቅር ካለሽ ኮምፒውተሩን ክፈቺና የዓለም ምሁራን ስንት ጊዜ እንደጠቀሱኝ ለጉባኤው አንብቢ!»

ከፈተች፤ ፈለገች። «አስናቀው የሚል አንድም የለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ፈረንጅ የሚጠቅሰው በመጨረሻው ስም ነው፣ ፕሮፌሰር። ተድባቡ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሰዋል። ከእርስዎ ስም የተረፈችው የመጀመሪያዋ ፊደል ‹አ› ብቻ ናት፤ እሷም ነጥብ ተደርጎባታል።»

ጉባኤው ሳቁን በሳል ሸፈነ። የፕሮፌሰሩ ደም ፈላ።

«ተድባቡ እኮ አባቴ ናቸው! ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ገብስ ሲዘሩ የኖሩ ገበሬ! እሳቸው ምን ሠርተው ነው የሚጠቀሱት?»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አነሳችና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች።

«እንዲያ ከሆነማ የእሳቸው ስም ይቅደም፤ ከሁለታችሁ የገብስ ማሳ የረገጡት እሳቸው ናቸው።»