ውሃ ያልነካው እራፊ

አንዲት የእህል ነጋዴ ሚስት ነበረች። ስሟ ትርንጎ ይባላል። ቤቷ ሰፊ በረንዳ አለው፤ ሳሎኗ በጥሩ መጋረጃ የተዋበ ነው፤ ስሟም በከተማው የተከበረ ነው። ትርንጎ ግን አሮጌ ጨርቅ ማየት አትወድም። ጠርዙ የሳሳ ፎጣ ወይም ክርኑ የነጣ ሹራብ ቤቷ ውስጥ ከተገኘ ውሎ አያድርም። ጎረቤቶቿ «ጥጋብ ነው» ይሏታል። እውነተኛውን ምክንያት ከእሷና ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ትርንጎ ስንዱ የምትባል አንድ ልጅ አለቻት። ስንዱ አንድ አናጺ ወደደችና ልታገባው ሆነ። ልጁ ጨዋ ነው፤ እጁም ወርቅ ነው፤ ከእጁ በቀር ግን ሌላ ሀብት የለውም። የሚኖረውም የአንድ ቀን መንገድ ርቆ በሌላ ከተማ ነው። ትርንጎ ጋብቻውን አልተቃወመችም። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። «ልጄ ማጣትን በስሙም አታውቀው። የመጀመሪያው ችግር ሲመጣ ጎጆዋን ጥላ ትመጣለች» ብላ ፈራች። ስለዚህ ስንዱ ባየችው ቁጥር ቤቷን እንድትወድ የሚያደርጋት አንድ ስጦታ ልታሠራላት አሰበች።

በዚያ ከተማ ለሙሽራ የሚሰጥ የግድግዳ ጌጥ የሚሠሩ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ልብስ ሰፊዎች በተደረደሩበት መንገድ ጫፍ ተቀምጠው ከስፌት መኪናዎቹ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ይለቅማሉ። ሰፊዎቹም «እማማ፣ ይምጡ፣ አዝመራው ደርሷል!» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው የለቀሙትን በፈላ ውሃ ያጥባሉ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳሉ። ከዚያ የትራስ ልብስ፣ አሻንጉሊትና የበር ጌጥ ይሠሩበታል። የሙሽራዋ ጌጥ ግን ከሁሉም ይለያል። ዙሪያውን በወፎች ይከበባል። ወፎቹን የሚቆርጧቸው በፈላ ውሃ እየታሸ ከጠበቀ የበግ ጠጉር ጨርቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ ጠርዙ አይተረተርም።

እማማ ደብሪቱ በዚህ ሥራቸው አንድ የማይጥሱት ሥርዓት አላቸው። የጌጡ መሃል ከሙሽራዋ ቤት በመጣ አሮጌ እራፊ ካልሆነ አይሰፋም። አንዷ የአባቷን የኮት ኪስ ታመጣለች፤ ሌላዋ የእናቷን የቀሚስ ጫፍ ታመጣለች፤ ከወንድሞቿ ጋር ካደገችበት ብርድ ልብስ ቀድዳ ያመጣችም አለች።

ትርንጎ ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«እማማ ደብሪቱ፣ ይህ ከተማ አይቶት የማያውቅ ጌጥ እንዲሠሩልኝ ነው የመጣሁት።»

«ይሠራል፣ እሜቴ። ብቻ ከቤትዎ አንድ እራፊ ያምጡልኝ።»

«በኔ ቤት እራፊ የለም!»

አሮጊቷ ከስፌታቸው ቀና ብለው አዩዋት። «እራፊ የሌለበት ቤትማ ሰው ያልኖረበት ቤት ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እውነቱን ለመናገር በትርንጎ ቤት አንድ እራፊ ነበር። ከሣጥኗ ሥር፣ ከሐበሻ ቀሚሶቿ ሁሉ በታች ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከዱቄት ከረጢት የተቆረጠ ነው፤ ሰማያዊ ጽሑፉ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስንዱ ስትወለድ የተጠቀለለችው በእሱ ነበር። ያኔ ባልና ሚስቱ በሌላ አገር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ትርንጎም ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ትሸከም ነበር። ቀን ሲወጣላቸው ወደዚህ ከተማ መጡና ያለፈውን ሁሉ ከኋላቸው ዘጉት። ትርንጎ የዚያን ዘመን ዕቃ አንድ በአንድ ጥላለች። ይህችን እራፊ ግን ስንት ጊዜ ልትጥል አውጥታ መጣል አቃታት።

ሣጥኑን ከፈተች። እራፊዋን ዳሰስ አደረገቻት። «በሠርግ ቀን፣ አማቾቻችን ፊት የዱቄት ከረጢት ላወጣ? ምን ቆርጦኝ!» አለችና መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ ለካፖርት የገዛችውን፣ ገና ውሃ ያልነካውን ምርጥ ቀይ ሱፍ አወጣችና ከጥጉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቆረጠች። ቁራጩን አመድ ቀባችው፣ በድንጋይ ፋቀችው፣ መሬት ላይ ጥላ ረገጠችው። አዲሱን ጨርቅ አሮጌ ለማስመሰል ግማሽ ቀን ሙሉ ለፋች። ሰው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ሲደክም ስንቴ አይተናል፤ ትርንጎ ግን ግልባጩን ሠራች።

እማማ ደብሪቱ ጨርቁን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

«ይህ ታጥቧል?»

«ስንቴ!»

«የቆየ ነው?»

«ስንዱ ሳትወለድ ጀምሮ ከቤታችን ያለ ነው።»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ...» አሉ አሮጊቷ።

ጌጡ በሠርጉ ቀን ሲዘረጋ እንግዳው ሁሉ ተደነቀ። ዙሪያውን ወፎች፣ በመሃል ደግሞ ያ ቀይ ጨርቅ አመዱ ተራግፎ ደምቆ ይታያል። «እጅ ይባረክ!» ያላለ አልነበረም። የትርንጎም ልብ ሞላ። ሙሽሮቹ ጌጡን ይዘው ሄዱና ከአልጋቸው በላይ ሰቀሉት።

ዓመት ሳይሞላ ክረምቱ ከበደ። የአናጺውን ሱቅ ጎርፍ ከነእንጨቱ ከነመሣሪያው ጠራርጎ ወሰደው። ባልና ሚስቱ የነበሩበትን ቤት ለቀው ጣሪያው የሚያፈስ አንድ ክፍል ገቡ። ጌጡም በሚያፈስሰው ጣሪያ ራሰ፤ በጭቃ ውሃ ተበላሸ። ስንዱ አውርዳ በሙቅ ውሃ አጠበችውና ሰጣችው። ሲደርቅ ግን ያየችውን ማመን አቃታት። ቀዩ ጨርቅ ግማሹን ያህል ተኮማትሯል። ሌላውን ሁሉ ወደ ራሱ ጎትቶ አሸብሽቦታል። ወፎቹም አንገታቸውን ደፍተዋል። ስንዱ ይህን እንደ ክፉ ምልክት ቆጠረችው። በማግስቱ ጌጡን ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወደ እናቷ መጣች።

ትርንጎ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ መጥቻለሁ። አልመለስም።»

«ምን ሆንሽ ልጄ? ባልሽ ክፉ ተናገረሽ?»

«እሱማ ምን አደረገ! ከነጋ እስኪመሽ ጎርፉ የጣለውን እንጨት ሲለቅም ነው የሚውለው። ያቃተኝ እኔ ነኝ።» ጌጡን እናቷ ፊት ዘረጋችው። «ይኸው እዪው። ቤቴ ይህን ነው የሚመስለው።»

ትርንጎ የተኮማተረውን ቀይ ጨርቅ አየች። የገዛ ውሸቷ ነው። እንደምንም ብላ፣ «ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ልጄ፤ ታገሺ» አለቻት።

«ያልተነካ ግልግል ያውቃል!» አለች ስንዱ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ እማዬ? እኔ በዚህ ቤት አሮጌ ፎጣ እንኳን አይቼ አላደግኩም። ጨው ልበደር ጎረቤት በር ላይ ስቆም እንዴት እንደማፍር ታውቂያለሽ? ከዘራችን ተለይቼ የተቸገርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ትርንጎ ብትናገር ሃያ ዓመት ስትገነባው የኖረችው ስም በልጇ ፊት ይፈርሳል። ዝም ብትል ደግሞ ልጇ አንድ ጥሩ ባልና አንድ ጎጆ ታጣለች። በመጨረሻ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሣጥኗን እስከ ሥሩ በረበረች፤ እራፊዋን ይዛ ወጥታ በልጇ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ስንዱ።

«ልብስሽ ነው። የመጀመሪያው ልብስሽ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። የጠባቧን ክፍል፣ የዱቄቱን ከረጢት ከየት ለምና እንዳመጣችው፣ ድንጋይ ስትሸከም ትከሻዋ እንዴት እንደቆሰለ ነገረቻት። «እኔም አንቺን አርግዤ ሳለሁ አባትሽን ጥዬ እናቴ ቤት ገብቼ ነበር» አለች። «በአምስተኛው ቀን ዕቃዬን ልወስድ ተመለስኩ። አባትሽን ከሥራው ቦታ አገኘሁት። እኔ ከሥራ እንዳልባረር ብሎ የራሱን ከጨረሰ በኋላ የኔንም ድርሻ ድንጋይ ሲሸከም ነበር። ዕቃዬን ሳልወስድ ቀረሁ።»

ስንዱ እራፊዋን ደጋግማ አገላበጠቻት። ድምፅዋ ሲወጣ ቁጣ ነበረበት።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳታፍሪብኝ ብዬ።»

«እማዬ፣ እኔ ያፈርኩትኮ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነው!»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ልጇን ከችግር የጠበቀቻት መስሏት ነበር፤ ለካ በችግር ቀን የምትይዘውን ነገር ነው የነፈገቻት።

በማግስቱ እናትና ልጅ እማማ ደብሪቱ ዘንድ ሄዱ። አሮጊቷ ጌጡን ዘርግተው አዩና ሳቅ አሉ። ከቀዩ ጨርቅ ጠርዝ አንድ ክር ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ስፌቱ ዙሪያውን ተፈትቶ ወጣ። ከሌላው ስፌት አንዱም አልተነካም።

«ላላ አድርጌ ነበር የሰፋሁት» አሉ። «አንድ ቀን መውጣቱ እንደማይቀር አውቄያለሁ።»

ትርንጎ ደነገጠች። «አውቀው ነበር? ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ» አሉ አሮጊቷ፤ ያን ቀን «እሜቴ» ማለቱን ትተውታል፤ «ሰው እራፊውን ራሱ ካላወጣ ቀምተሽ አትሰፊለትም። እኔ እራፊ የምለምነው ጨርቅ አጥቼ መሰለሽ? ብዙ ውሃ ያየ ጨርቅ መኮማተሩን ጨርሷል። መሃል ላይ ብታኖሪው በዙሪያው ያለውን አይጎትትም። ውሃ ያልነካውን መሃል ላይ ካደረግሽው ግን የመጀመሪያው ዝናብ ቤቱን ሁሉ ያሸበሽበዋል።»

የዱቄቱን ከረጢት ከመሃል አድርገው በጠባብ ስፌት ሰፉት። ሰማያዊው ጽሑፍ እንዲታይ አደረጉ። ትርንጎ የተኮማተረውን ቀይ ጨርቅ አንሥታ ልትጥለው ስትል አሮጊቷ እጇን ያዟት።

«ተይ፣ ተይ! አሁንማ እሱም ውሃ አይቷል። ጠብቋል፤ ጠርዙም አይተረተርም። አሁን ለወፍ ይሆናል።»

መቀሳቸውን አንሥተው አንዲት ቀይ ወፍ ቆረጡና ከእራፊዋ አጠገብ ሰፏት።

ስንዱ ጌጡን ይዛ ወደ ባሏ ተመለሰች። ጣሪያው ወዲያው አልተደፈነም፤ የአናጺው ሱቅም በአንድ ጀምበር አልቆመም። ስንዱ ግን ጌጡን በማያፈስሰው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አንዲት ጎረቤት መጥታ፣ «ይህን የመሰለ ጌጥ ላይ የዱቄት ከረጢት ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀቻት።

«የእናቴ ነው» አለች ስንዱ ቀና ብላ። «ቤቱን የያዘልን እሱ ነው።»

ትርንጎም ከዚያ ወዲህ ጠርዙ የሳሳ ፎጣ ስታይ አትቆጣም ይባላል።

ወዳጆቼ፣ ለልጆቻችን ያማረውን ለመስጠት እንደክማለን። ትምህርቱን፣ ልብሱን፣ ቤቱን እንሰጣቸዋለን። የወደቅንበትንና የተነሣንበትን ግን ከሣጥን ሥር እንደብቃለን። እነሱም ዝናቡ የመጣባቸው ቀን ከእነሱ በፊት በዝናብ የራሰ ሰው ያለ አይመስላቸውም። ያለፍንበት ችግር የሚያሳፍር ጨርቅ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ የጸና፣ የልጆቻችንን ቤት መሃል የሚይዝ እራፊ ነው።

እስቲ የየራሳችሁን ሣጥን አስቡት። ከሥሩ ያለችው እራፊ የትኛዋ ናት? ዛሬ ያቺን እራፊ ማየት የሚያስፈልገውስ ማን ነው?