አምስቱ ጨዋዎችና አንዲት የድሬ ወንበር

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለው ሥራውን ያቆየው።

አዳማ ውስጥ ወይዘሮ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይርገዱ ይላታል። አንድ ቀን ጧት እትዬ ይርገዱ ትንሽ ነገር ፈለገች። ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንድ ወንበር፣ በቃ። የመስኮት ይሁን አላለች፣ የፊት ይሁን አላለች። ልጇ ሰናይት ድሬዳዋ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። ጎህ ሲቀድ ደውላ «እማዬ፣ ወገቤን ይዞኛል፣ ነይልኝ» ብላታለች። እትዬ ይርገዱ ራሷ ሰናይትን ስትወልድ እናቷ አልደረሰችላትም ነበር። በሩን በሩን እያየች አማጠች፣ በሩ ግን ሳይከፈት ቀረ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከሆዷ አልወጣም። ስለዚህ ለገንፎ የሚሆን ዱቄትና ቅቤ ዘንቢል ውስጥ ጨመረችና ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሹፌሩ ጉርሜሳ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ የቀረውን መንገደኛ ይጠብቃል።

«ልጄ፣ አንድ ወንበር አለችህ አሉ። ልግባ?» አለችው።

«አለችኝ እናቴ። ግን ያለ ትኬት ባስገባዎት መውጫው በር ላይ ያስወርዱዎታል። ትኬቱን ይዘው ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ። ብቻ ብዙ አልጠብቅም፤ ወንበሯንም አዋሽ ላይ ያለ ሰው በስልኩ ከቆረጠ ይወስዳታል።»

እትዬ ይርገዱ ትኬት ቢሮ ገባች። እዚያ ህሊና የምትባል ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀምጣለች። ትኬቱን የምትሠራው ግን እሷ አይደለችም፣ ወኪሎቹ ናቸው። ወኪል ማለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ማሳያ እያየ፣ በላዩ ያለችውን ቀስት እያንቀሳቀሰ፣ ቁልፍ እየተጫነ ኮምፒውተር ይሠራል። እጅ የለውም፣ ግን ይጫናል። መኖሪያውም የሚያስቅ ነው። ጓዳ ውስጥ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ። በሆዱ ደግሞ አምስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አይዳሰሱም፣ ሽቦ የላቸውም፣ ትልቁ ኮምፒውተር አሉ ብሎ ስለሚያስባቸው ብቻ አሉ። ምናባዊ ማሽን ይሏቸዋል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ወኪል በሩን ዘግቶ ይኖራል።

እነዚህ አምስት ወኪሎች ቀድሞ እንደ ልባቸው ነበሩ። እየተሽቀዳደሙ ቁልፍ ሲጫኑ አንዷን ወንበር ለሦስት ሰው ሸጧት፤ ሦስቱም እንደተደራረቡ አዋሽ ገቡ ይባላል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረበ በጣም ተቆጡ። «ስድ አደግ ናቸው፤ ጨዋነት አስተምሪያቸው» ብለው ህሊናን አዘዟት። ህሊናም ያደገችበትን አስተማረቻቸው። ከሌላው ቀድሞ እጅ አይዘረጋም። ሌላውን ሳያስቀድሙ በር አይገባም። «ቅደም» ሲሉህ ወዲያው እሺ ማለት ነውር ነው። ሰው ይህን ሲማር የት ላይ እንደሚያቆም አብሮ ይማራል። ወኪሎቹ ግን ማቆሚያውን ማን አስተምሯቸው?

እትዬ ይርገዱ ማሳያው ፊት ቆመች። «አንድ የድሬ ትኬት ቁረጥልኝ።»

«እንዴት አደሩ እናታችን፣ ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና?» አለ የመጀመሪያው ወኪል፣ ትኬት ቆራጩ።

«ከብት የለኝም። ቁረጥ።»

ቀስቷ ወደ ቁልፉ ሄደች፣ ቁልፉ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና ተመለሰች። «ኧረ እኔ ማን ሆኜ እቀድማለሁ። ወንበር ጠባቂው ወንበሯን ይልቀቁ፣ ያኔ እቆርጣለሁ።»

ወንበር ጠባቂው ወንበር ካልለቀቀ ቆራጩ ትኬት አይቆርጥም፤ ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ ይርገዱ ድሬ አትደርስም። ውጭ ጉርሜሳ ክላክሱን ነካ አደረገው።

ህሊና የሁለተኛውን ቤት መስኮት ማሳያው ላይ ከፈተችላት። ወንበር ጠባቂው የመጨረሻዋን ወንበር ጥርቅም አድርጎ ይዟል።

«ልቀቃት ልጄ» አለችው።

«ደስ ባለኝ። ግን ስም ጸሐፊው እያሉ እኔ ልቅደም? ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? ቤትህ ውስጥ ሰው አለ?»

ወንበር ጠባቂው ዞር ዞር ብሎ አየ። «የለም። ቢኖር ግን ይለኛል።»

ስም ጸሐፊው ስም ካልጻፈ ጠባቂው ወንበር አይለቅም፤ ጠባቂው ወንበር ካልለቀቀ ቆራጩ ትኬት አይቆርጥም፤ ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ ይርገዱ ድሬ አትደርስም። ጉርሜሳም ክላክሱን ትንሽ ቆየበት።

ሦስተኛው መስኮት ተከፈተ። ስም ጸሐፊው ሥራውን የሚወድ ነው፤ ስሟን ሲሰማ ደስ አለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ጻፈና ደንግጦ አጠፋቸው።

«ይቅርታ፣ ልቀድም ነበር» አለ። «አውቶቡስ መዳቢው አውቶቡሱን ሳይመድቡ እኔ ስም ብጽፍ ከአፋቸው መንጠቅ ነው።»

በዚህ መሀል አቶ ደረበ ከቢሯቸው ወጡ። ቀስቷ ከመስኮት መስኮት እየዞረች እጅ ስትነሳ አዩና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አየሽ ህሊና፣ እንዲህ ነው የሰው ልጅ» አሉ።

«አቶ ደረበ፣ ትኬቱን በእጅ ቁረጡልኛ» አለች እትዬ ይርገዱ።

«በእጅማ ቀረ እናቴ። የትኬቱን ጥራዝ ለቆሎ ሻጯ ሰጠኋት፤ እየጠቀለለችበት ነው።»

እውነትም ደጅ ላይ ቆሎ በድሬዳዋ ትኬት ተጠቅልሎ ይሸጣል። እትዬ ይርገዱ አንዱን ጥቅል ይዛ ልትሳፈር አስባ ነበር፤ ህሊና ማኅተም የለውም ብላ መለሰቻት።

እንግዲህ መዳቢው አውቶቡስ ካልመደበ ጸሐፊው ስም አይጽፍም፤ ጸሐፊው ስም ካልጻፈ ጠባቂው ወንበር አይለቅም፤ ጠባቂው ወንበር ካልለቀቀ ቆራጩ ትኬት አይቆርጥም፤ ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ ይርገዱ ድሬ አትደርስም። ስልኳም ጠራ። ሰናይት ናት። «እማዬ፣ ወጣሽ?» አለች። እትዬ ይርገዱ መዋሸት አትችልበትም፤ «እየወጣሁ ነው» ብላ ቶሎ ዘጋችው።

አራተኛው መስኮት ተከፈተ። «አውቶቡሱን መድበው» አለች፣ ድምጿ ከፍ እያለ። «ደጅ ቆሞ እየጮኸ ነው፣ አትሰማም?»

«እሰማለሁ እናታችን፣ ጆሮዬም ታመመ» አለ መዳቢው።

«ጆሮ አለህ እንዴ?»

«የለኝም፣ ግን ታመመ። አሁን መንገድ ጠያቂው መንገዱን ሳይጠይቁ አውቶቡስ ብመድብ ትዕቢተኛ አልባልም? ጎርፍ ቢኖርስ? እርሳቸው ይቅደሙ።»

መንገድ ጠያቂው መንገድ ካልጠየቀ መዳቢው አውቶቡስ አይመድብም፤ መዳቢው አውቶቡስ ካልመደበ ጸሐፊው ስም አይጽፍም፤ ጸሐፊው ስም ካልጻፈ ጠባቂው ወንበር አይለቅም፤ ጠባቂው ወንበር ካልለቀቀ ቆራጩ ትኬት አይቆርጥም፤ ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ ይርገዱ ድሬ አትደርስም። ጉርሜሳ አሁን ክላክሱ ላይ እጁን ጭኖ ረሳው።

አምስተኛው መስኮት ተከፈተ። መንገድ ጠያቂው ቀዝቃዛ ድምፅ ያለው፣ ነገር የሚያመዛዝን ወኪል ነው።

«እኔማ መጠየቁ አይከብደኝም ነበር» አለ። «ነገር ግን እናታችንን መጀመሪያ የተቀበሉት ትኬት ቆራጩ ናቸው። እንግዳ የተቀበለ ሳይቀድም ሌላው እንዴት ይቀድማል? እርሳቸው ትኬቱን ይቁረጡ፣ እኔ ከኋላ ከኋላ እጠይቃለሁ።»

«ከሱ አይደል እንዴ የጀመርኩት?» አለች እትዬ ይርገዱ፤ አግዳሚው ላይም ተቀመጠች።

አያችሁ፣ ክሩ ዞሮ ራሱን አሰረ። ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ መንገድ ጠያቂው መንገድ አይጠይቅም፤ ጠያቂው መንገድ ካልጠየቀ መዳቢው አውቶቡስ አይመድብም፤ መዳቢው አውቶቡስ ካልመደበ ጸሐፊው ስም አይጽፍም፤ ጸሐፊው ስም ካልጻፈ ጠባቂው ወንበር አይለቅም፤ ጠባቂው ወንበር ካልለቀቀ ቆራጩ ትኬት አይቆርጥም፤ ቆራጩ ትኬት ካልቆረጠ፣ ምን ልድገመው፣ ይርገዱ ድሬ አትደርስም።

«አጥፍቼ ላብራቸው ይሆን?» አለች ህሊና ጥፍሯን እየበላች። «ካጠፋኋቸው ግን ጠባቂው የያዛትን ወንበር ይለቃታል። እስኪነሱ ድረስ አዋሽ ያሉት ይወስዷታል።»

«ተዪ፣ አታጥፊ» አለች እትዬ ይርገዱ። የዛሬ ስንት ዓመት ያየችው በር ትዝ አላት። ሰናይት አሁን እንደሷ በሩን እያየች እንደሆነ አሰበች።

አምስቱ መስኮቶች ጎን ለጎን ተከፍተዋል። ወኪሎቹም የሴትዮዋ ነገር አሳዝኗቸው እርስ በርስ መለማመጥ ጀመሩ።

«ይቅደሙ እንጂ፣ በሞቴ» አለ ቆራጩ።

«በየትኛው ሞትዎ?» አለ መንገድ ጠያቂው። «ማታ ያጠፉዎታል፣ ጧት ያስነሱዎታል። በእንዲህ ያለ ሞት ማን ይቀድማል?»

«እንግዲያውስ አፈር ስሆን» አለ ስም ጸሐፊው።

«አፈሩን ከየት ያመጡታል? ቤትዎ ወለል እንኳን የለውም።»

እትዬ ይርገዱ ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ምን ማለቱ ነው?» ብላ ህሊናን ጠየቀቻት።

«እውነቱን ነው እናቴ። ማታ ማታ ይጠፋሉ፤ ጧት ከተቀመጠው ቅጂያቸው እንደ አዲስ ይነሳሉ። ሞት ብለው ቢምሉ አይጎዱም። ስለዚህ አንዱ ለሌላው መሐላ ደንታ የለውም።»

እትዬ ይርገዱ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ተነሥታ ወደ መንገድ ጠያቂው መስኮት ሄደችና ለአንድ ልጅ ጉርሻ እንደምታቀርብ ሴት ጎንበስ አለች። አልጮኸችም።

«አንተ ልጅ» አለችው። «አፈር ስሆን።»

ቀስቷ ባለችበት ቆመች።

«ባለሙያዋ» አለ መንገድ ጠያቂው፣ «እናታችንን ጧት የሚያስነሳቸው ማን ነው?»

«ማንም የለም» አለች ህሊና።

«ቅጂያቸው የት ነው የተቀመጠው?»

«ቅጂ የላቸውም። እሳቸው እነዚሁ ናቸው።»

«እኔ አንድ ነኝ» አለች እትዬ ይርገዱ። «የምታምጠውም ልጄ አንድ ናት። ሳልደርስላት አፈር ብሆን አፈሩም አይቀበለኝ። በል፣ ቅደም።»

መንገድ ጠያቂው ጨዋ ነው ብያለሁ፣ ጅል ነው ግን አላልኩም። ያለ ቅጂ የሚምል ሰው አይቶ አያውቅም ነበር። ቀስቷ ተወረወረች፣ ቁልፉን ተጫነች።

ጠያቂው መንገዱን ጠየቀ፤ መንገዱ ደረቅ ነው። መንገዱ ሲጠየቅ መዳቢው አውቶቡሱን መደበ፤ መዳቢው ሲመድብ ጸሐፊው ስሟን እስከ አያቷ ጻፈ፤ ጸሐፊው ሲጽፍ ጠባቂው ወንበሯን ለቀቀ፤ ጠባቂው ሲለቅ ቆራጩ ትኬቱን ቆረጠ፤ ትኬቱም ከማተሚያው አፍ ተንደርድሮ ወጣ። አቶ ደረበ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ጨዋነቱስ?» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። እትዬ ይርገዱ ትኬቱን ነጥቃ፣ ህሊናን ጉንጯን ስማ ሮጠች። ጉርሜሳ አውቶቡሱን ማንቀሳቀስ ጀምሮ ነበርና ገታ አድርጎ በሩ ላይ እጇን ይዞ ሳባት።

ወንበሯ ከጎማው በላይ ነበረች፤ ጎማው ሲነጥር እሷም ትነጥራለች። ቅር አላላትም። አዋሽን አለፉ፣ ሚኤሶን አለፉ፣ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። በየመሀሉ ትኬቱን እያወጣች የተጻፈውን ስሟን ታየዋለች፤ አንዱ አጥፍቶት እንዳይሆን ፈርታ ነው።

ድሬዳዋ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ «ማንን ነው?» አለቻት፤ መልሱን ሳትሰጥ ገባች። ሰናይት አልጋው ላይ ጎኗን ይዛ በሩን ታያለች። ፊቷ በላብ ርሷል።

«እማዬ፣ ደረስሽ?»

«ደረስኩ» አለች እትዬ ይርገዱ። ከጧት ጀምሮ የያዘችው እንባ ያኔ ወረደ። ዘንቢሏን ጥላ የልጇን እጅ ያዘች፤ ሕፃኑም እስኪወለድ አልለቀቀችውም።

ተረቴን አድርሻለሁ። ዳቦ ያላችሁ ቁረሱልኝ፤ የሌላችሁም መርቁኝ፣ እሱም ይበቃኛል።