የወይዘሮ አልጋነሽ ትሪ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ እናት ገርጂ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጌጡ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ጌጡ የሚሠራው የጃፓኖች ምግብ ቤት ውስጥ ነበር፤ አብሳይ ነበር። የቤቱ ስም ለአፍ ስለሚከብድ ሰፈሩ «ትሪ ቤት» ነው የሚለው። እዚያ ለገባ ሰው ሁሉ የየራሱ ትሪ ይቀርብለታል። ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሾርባ፣ አንድ ጥብስ ነገር፣ በጨው የቆየ አትክልት፣ በቃ። ጃፓኖች በየቤታቸው የሚበሉት ነው አሉ እንጂ የድግስ ምግብ አይደለም።

ጌጡ ሁልጊዜ «እማዬ፣ አንድ ቀን እዚያ አስቀምጬ አበላሻለሁ» ይላቸው ነበር። ሳያበላቸው መኪና ገጨውና ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ እህል አልቀምስ አሉ። ቀን ቀንን ወለደ። ሐኪም መጥቶ አያቸውና «በዚህ ከቀጠሉ ልጃቸውን ይከተላሉ» ብሎ ሄደ።

ታዲያ ሦስት ሴቶች ነበሩ አጠገባቸው። ዘነቡ ትልቋ ልጃቸው፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትኖር። ስንዱ ሁለተኛዋ፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር እንደ መንታ ያደገች። ትርንጎ ደግሞ የጌጡ ሚስት፣ የአምስት ወር ሕፃን የታቀፈች። ሦስቱም እናትየውን «እኔ ጋ ይኑሩ» ይላሉ። ለትርንጎ ነገሩ ይብሳል። የምትኖረው በአማቷ ቤት ነው። አማቷ ወደ ሴት ልጆቻቸው ከሄዱ ቤቱ ይዘጋል፤ ዘመድ ከአሁኑ «አንቺማ ወደ አባትሽ አገር ነው» ማለት ጀምሯል።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ወይዘሮ አልጋነሽ ከአልጋቸው ሆነው «ዝም በሉ» አሉ። «እህል ያበላችኝ እሷ ጋ እኖራለሁ። እሱም የጌጡን ትሪ ነው። ሌላ በጉሮሮዬ አይወርድም።»

ዘነቡ ቀድማ ተነሳች። እናቷን በጋቢ ጠቅልላ አዘለቻቸው። በሩ ላይ የሰፈሩ ሴቶች ቆመው ጠበቋት።

«አርባው ሳይወጣ? ሐዘንተኛ ምግብ ቤት ስትቀመጥ ሰው ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ ደመቀች፣ የዕድሩ ጸሐፊ እናት።

«ሰው ብዙ ሲላት ሰነበተ፣ ይኸው እናቴ በወሬ አልጠገበችም» አለች ዘነቡ።

«ኧረ ነውር ነው ዘነቡ! የወንድምሽ አፈር እንኳ አልደረቀም!»

«ወይ አሳልፉኝ፣ ወይ ሁለተኛ ድንኳን ጣሉ!»

አሳለፏት። ዕድሩ ውስጥ ስሟ በክፉ መነሳቱ እስከ ዛሬም አልቀረም። እሷ ግን እናቷን ባጃጅ ውስጥ አስገብታ፣ ከነእህቷና ከነትርንጎ ትሪ ቤት አደረሰቻቸው።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ጥብሱን ትተው የአትክልት ትሪ አዘዙ፤ አትክልት ያለው ሁሉ የጾም መስሏቸዋል። ስንዱ ግን ከማድ ቤት የሚመጣው የሾርባ ሽታ አላማራትም። አስተናጋጇን ጠራቻት።

«ሾርባው ውስጥ ምን አለ እህቴ?»

«የደረቀ ዓሣ። ውሃው በሱ ነው የሚፈላው። ደግሞ ዓሣ ምን አለው፣ ስንቱ በጾም ይበላ የለ?»

«ስንቱን ተይው። እናቴ አትበላም።»

ወይዘሮ አልጋነሽ ይሄን ሰምተው ለመነሳት ጠረጴዛውን ያዙ። ስንዱ ቀጥ ብላ ማድ ቤት ገባች። የቤቱ ባለቤት ሚስተር ኦካዳ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ።

«ሾርባ አልቀይርም» አሏት። «የእናቴ ሾርባ ነው።»

«አይቀይሩ። ድስት ብቻ ያውሱኝ። ጌጡ በጾም ቀን እዚሁ በደረቀ እንጉዳይ እየሠራ ያበላኝ ነበር። እንጉዳዩ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ከባሕር የሚለቀመው ቅጠልም አጠገቡ ነው። ተሳሳትኩ?»

ሰውየው የጌጡን ስም ሲሰሙ ከምድጃው ፈቀቅ አሉ። ስንዱ ድስቱን ሁለት ጊዜ አጥባ፣ እንጉዳዩን ነክራ፣ ሾርባውን ራሷ ሠራችው። እጇን እንፋሎት ላጠው፤ አልጮኸችም።

ትሪው መጣ። ለየሰዉ አንድ አንድ፣ አራት ትሪ። ወይዘሮ አልጋነሽ የፊታቸውን ትሪ አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄ የኔ ብቻ ነው?»

«አዎ እማማ፣ የእርስዎ ነው» አለች አስተናጋጇ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ለብቻዬ ተቆርሶልኝ በልቼ አላውቅም። ዛሬ ልጄን ቀብሬ ልጀምር?»

ዘነቡ ለመነች። ስንዱ አለቀሰች። ወይ ፍንክች።

ትርንጎ ተነስታ ሕፃኑን ለአስተናጋጇ «ያዢልኝ» ብላ ሰጠቻት። የአራቱንም ሩዝ አንድ ትሪ ላይ ገለበጠችው። አትክልቱን ደፋችበት፣ ሾርባውን አርከፈከፈችበት።

«ኧረ ተይ! የቤቱ ደንብ አይደለም!» አሉ ሚስተር ኦካዳ።

«ደንቡ የእናንተ ነው። አማቴ ግን የኔ ናቸው።»

እጇን ታጥባ ጠቀለለችና አፋቸው ድረስ ወሰደችው። «እማማ፣ እኔም ካልበሉ አልበላም ብያለሁ። ይሄን ልጅ በባዶ ሆዴ እያጠባሁት ነው። አሁን እንደፈለጉ።»

ወይዘሮ አልጋነሽ አፋቸውን ከፈቱ። አላምጠው ዋጡ። ሁለተኛውን ጎረሱ። ሦስተኛውን ራሳቸው ጠቅልለው ትርንጎን አጎረሱ። ሚስተር ኦካዳም ሄደው ሩዝ ጨምረው አመጡ።

ውጭ ሲወጡ ጭቅጭቁ ተነሳ።

«ከአልጋ ማን አነሳሽ እማዬ? እኔ ባልደፍር አሁንም እዚያው ነበርሽ» አለች ዘነቡ።

«ሾርባውን ባልሠራ ትተሽው ልትወጪ አልነበር? የቀመስሽውም የኔን እጅ ነው» አለች ስንዱ።

«ቀርቦላቸውም አልነኩትም። የበሉት ከጄ ነው» አለች ትርንጎ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል። «ቃሌ ቃል ነው፣ አላጥፍም» አሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ «እማማ፣ ወዴት ነው?» አላቸው።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። «ሦስቱም ናቸው» ብላችሁ ግን እንዳታመልጡኝ፤ እናትየው አንድ ናቸው፣ ባጃጁም አንድ ነው። ወይዘሮ አልጋነሽን ያበላቻቸው ማን ናት?