እየሳቀች «በቃ» ያለች ሴት

አንድ ጓንጉል የሚባል ኮርቻ ሠሪ የሺመቤት ከምትባል ሚስቱ ጋር በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። መኮራኮርና መሳቅ ይወዱ ነበር። ብዙውን ጊዜ የምትጀምረው እሷ ናት፤ ቆዳ ሲሰፋ ከኋላው መጥታ ጎኑን ነካ ታደርገውና ትሮጣለች፤ እሱም ይከተላታል።

የሺመቤት ግን ብዙ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ገና በተጋቡ ሰሞን እንዲህ አለችው፦ «እየሳቅሁ መናገር አልችልም። ወለሉን በመዳፌ ከመታሁ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ደረቴ ላይ አትጫነኝ፤ እጄንም አትያዝብኝ።» ጓንጉል እሺ አላት፤ ቃሉንም ጠብቆ ኖረ። መዳፏ ወለሉን ሲመታ ወዲያው ይተዋታል፤ ውሃም ያቀብላታል።

በአንድ የበዓል ቀን ጓደኞቹ ቤቱ ተሰበሰቡ። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው አንዱ «ሚስትህ ምነው እንዲህ ኮስተር አለች? ስትስቅ አይተን አናውቅም» አለው። ጓንጉል «ቆይ ላሳያችሁ!» ብሎ ተነሣና የሺመቤት ሳህን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ጎኗን ይኮረኩራት ጀመር። መጀመሪያ ከልቧ ሳቀች። ትንፋሿ ሲያጥር ወለሉን መታች። እንግዶቹ «ጨምርላት! ጨምርላት!» እያሉ አጨበጨቡ። ደግማ መታች። ይኼኔ ጓንጉል የምትመታበትን እጇን ጨምድዶ ያዘ። አሁንም ትስቃለች፤ እንባዋ ይወርዳል፤ አየር ግን የለም። ለማምለጥ ስትወራጭ ግንባሯ ከመደቡ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ጭብጨባው የቆመው ደሟን ሲያዩ ነው።

በማግሥቱ ግንባሯን በሻሽ አስራ ወንድሟ ቤት ገባች።

ሽማግሌዎች ተላኩ፤ ጓንጉልም አብሯቸው መጣ። አንጋፋው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰው በሳቅ ይኳረፋል እንዴ? ደግሞስ አንቺም ስትስቂ ነበር አሉ» አሏት።

«አባቴ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ያለቅሳል፤ ማንም ግን አዘነች አይለኝም» አለች የሺመቤት። «ገላዬም ሲነካ ይስቃል። እኔ ግን እየታፈንኩ ነበር።»

ጓንጉል ጣልቃ ገባ። «ግርግር ነበር። ወለሉን ስትመታ አላየሁም።»

ያን ጊዜ ቁጣዋ ገነፈለ። «ካላየህ ለምን ያንኑ እጄን ያዝክ? ስመታበት የነበረውን እጅ ለይተህ የያዝከው ምን አይተህ ነው?»

ጓንጉል አቀርቅሮ «አይቻለሁ» አለ። «ብተው፣ ሚስቱ ታዘዋለች ይሉኛል ብዬ ነው።»

«ለእነሱ ጭብጨባ ብለህ የእኔን ትንፋሽ ከለከልከኝ!»

አንጋፋው ሽማግሌ አፈሩ። «እኛም ልናስታርቅ መጥተን ዳግመኛ ልንበድላት ነበር» አሉ። ወደ ጓንጉል ዞረውም «እኛ ይቅርታ አንለምንልህም። ያጨበጨቡት ሁሉ ባሉበት ራስህ እውነቱን ተናገር» አሉት።

ጓንጉል ጓደኞቹን ጠርቶ እሷ ባለችበት፣ ወለሉን ስትመታ አይቶ እንዳላየ መሆኑን ተናገረ። አንዱ «ለዚህች ነው ይህ ሁሉ?» ብሎ ሲስቅ ከግቢው አስወጣው። የሺመቤት ቁስሏ ከዳነ በኋላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጨዋታው ግን ለብዙ ጊዜ አልተመለሰም። ጓንጉልም ጨዋታውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ አልጎተጎታትም።

ወገኖቼ፣ ሳቅ ፈቃድ አይደለም። ገላ ሳይወድ ይስቃል፤ «በቃ» የሚለው ግን የገላው ባለቤት ራሱ ነው። ጨዋታ በፈለጉት ሰዓት የሚወጡበት ሲሆን ደስ ይላል፤ መውጫው ከተዘጋ ግፍ ነው። በዚህ ግፍ እጁን የሰነዘረው ብቻ አይጠየቅም፤ ዳር ቁጭ ብሎ «ጨምርላት» ያለውም ይጠየቃል። እናንተስ በዚያ ቤት ብትገኙ ኖሮ ታጨበጭቡ ነበር ወይስ «ተዋት!» ትሉ ነበር?