በጥላው ሥር የሞተ የለም

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበር። አንበሳ ይገዛል፤ ነብር ያስፈጽማል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠሩት ይመጣል። ታማሚ የሚተኛበት ቦታም ነበር፤ ከምንጩ በላይ ያለው የዋርካ ጥላ። የቦታው አለቃ ጅብ ነው። ጅብ ለምን የታማሚ አለቃ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ አንበሳ ሾሞታልና። ሥራውን የሚሠሩት ግን መዥገር ለቃሚዎቹ ወፎች ናቸው። ቁስል ያጸዳሉ፣ ትል ይለቅማሉ፣ በምንቃራቸው ውኃ ያመላልሳሉ።

ጅብ እንደተሾመ አንድ ደንብ አወጣ። በጥላው ሥር ማንም አይሞትም። ወፎቹ መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ተግተን እንድናክም ነው አሉ። ነገሩ የገባቸው ኋላ ነው። የማይተርፍ ታማሚ ሲገኝ ለወላጁ «ተሽሎታል» ይባልና ከጥላው ይወጣል። የሚሞተው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ የሚያልፈው ደግሞ በጅብ ዋሻ በር ነው። ጅብ በዚያ ዓመት ወፈረ። ወፎቹ አይተዋል፤ እርስ በርሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር።

ድኩላ ግልገሉን ይዞ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ግልገሉን እሾህ ወግቶት እግሩ አብጧል። አንዲት ወፍ ሦስት ቀን ከጀርባው ሳትወርድ ሠራች። በአራተኛው ቀን መግሉ ወደ ጭኑ ወጣ፤ ግልገሉም ውኃ እምቢ አለ። ወፏ ለጅብ እንደማይተርፍ ነገረችው። እዚሁ ከአባቱ ጋር ይተኛ ብላም ለመነችው። ጅብ አልተቆጣም። ግልገሉ እዚህ ከሞተ ደንቡ እንደሚፈርስ፣ ደንቡ ከፈረሰ አንበሳ ወፎቹን ሁሉ እንደሚያባርር በእርጋታ አስረዳትና ያን ጊዜ የቀሩትን ታማሚዎች ማን እንደሚያያቸው ጠየቃት።

ተመልሳ ለአባቱ «ተሽሎታል፤ ውሰደው» አለችው። ድኩላው አንገቱን እስከ መሬት ዝቅ አድርጎ አመሰገናት።

ግልገሉ መንገድ ላይ ሞተ። አባቱ ለቀብር ዘመድ ጠርቶ ሲመለስ ያገኘው ሰኮናውን ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አንበሳ ጉባኤ ጠራ። ቀበሮ ተነሥቶ ረጅም ምስጋና አቀረበ። በዓመቱ በጥላው ሥር የሞተ እንደሌለ፣ በሌሎች ጫካዎች ግን ታማሚ ዝም ብሎ እንደሚሞት ተናገረ። ዝንጀሮዎች አጨበጨቡ። ጅብ መሬት መሬቱን እያየ ተሽኮረመመ።

ድኩላው መሃል ገባ።

«ልጄ ሞቷል» አለ።

«የት?» አለ ጅብ።

«መንገድ ላይ።»

«እንግዲያው መንገዱን ክሰሰው።»

ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። ድኩላው በዓይኑ ወፏን ፈለገና ከጎሽ ጀርባ ላይ አገኛት።

«እኅቴ፣ ተሽሎታል ያልሽኝ ቀን እንደሚሞት ታውቂ ነበር?»

ሌሎቹ ወፎች ክንፋቸውን ማበጠር ጀመሩ።

«አውቅ ነበር» አለች።

ታዝዛ እንደሆነ ተናገረች። እሷ እምቢ ብትል ሌላዋ ትለው እንደነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ በጉሮሮዋ እንደማይወርድ፣ ለግልገሉም እንዳለቀሰችለት ተናገረች።

«ልቅሶሽ ምን ያደርግልኛል?» አለ ድኩላው። «ተሽሎታል ስላልሽኝ በእግሩ አስኬድኩት። ሲወድቅ ሰነፍ አልኩት። አባዬ ትንሽ ልረፍ ሲለኝ፣ መተኛት ለምደህ ነው ብዬ በቀንዴ ገፋሁት። እየሞተ ነው ብትይኝ ኖሮ አጠገቡ እተኛ ነበር። ጅብ ጅብ ነው፤ ከሱ የጠበቅሁት የለም። ያመንኩት አንቺን ነው።»

አንበሳ አዛጋ። ከዚያ አቤቱታው ተገቢ እንደሆነ፣ ደንቡም መሻሻል እንዳለበት ተናገረ። ከእንግዲህ ወፎቹ «ተሽሎታል» እንዳይሉ፣ ወላጁ ራሱ በጅብ ፊት «ልጄ ተሽሎታል» ብሎ እንዲወጣ ፈረደ። ጅብ በሹመቱ ጸና። ቀበሮ ስለ ፍርዱ ጥበብ ሌላ ምስጋና አቀረበ።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት የሜዳ አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ከጅብ ፊት ቆመች። ውርንጭላው አራቱም እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጀርባው ላይ ያለችው ያችው ወፍ ናት። ድኩላው ከመንገዱ አፍ ላይ ቆሟል፤ ከጉባኤው ወጥቶ የሄደው ወደዚያ ነበር።

ጅብ «ተሽሎታል በይና ሂጂ፤ ተረኛ ይጠብቃል» አላት።

የሜዳ አህያዋ ወደ ወፏ ዞረች። «ስታክሚው የሰነበትሽው አንቺ ነሽ። እውነት ተሽሎታል?»

«ንገሪያት» አለ ጅብ።

«ንገሪያት» አለ ድኩላው።

ወፏ ሁለቱንም አየች። አልተናገረችም።

የሜዳ አህያዋ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ውርንጭላዋን እዚያው ጥላው ሥር አስተኝታ አጠገቡ ተጋደመች።