የልየው ፒካፕና አንደኛው ሚዜ

በአንድ ወቅት፣ ከአባይ ማዶ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ፣ ልየው የሚባል ጎልማሳ እንደ ጥጃ የምትቦርቅ ፒካፕ ነበረችው። ሞተሯ ደህና ነው፤ ፍሬኗም ይይዛል። ዓመሏ የሚወጣው መንገድ ላይ ነው። ትንሽ ጉድጓድ ካገኘች ትዘላለች፤ ዘላ ስታርፍ ደግሞ አንዱ አይበቃትም፣ ደጋግማ ትነጥራለች። የኋላዎቹ ሾክ አብዞርበሮች፣ ክብደቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ሲነጥር ያዝ አድርገው የሚያረጋጉት ሁለቱ ዘንጎች ማለት ነው፣ ዘይታቸውን አፍስሰው ከሞቱ ቆይተዋል። ልየውም ይህን አላጣውም። ግን የሚጭነው ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ «ወገቤን» ስለማይል ዛሬ ነገ እያለ ተወው።

ጉዱ የወጣው ሽማግሌ የላከ ዕለት ነው። ልየው ትብለጥ የምትባል የቆላ ልጅ ወዷል። አባቷ አያ ንጋቱ ቁልቁለቱን ወርዶ ካለው መንደር የሚኖሩ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ፍርዳቸው ግን የማይመለስ ሰው ናቸው። ልየው ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች መርጦ፣ ፒካፗ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ከኋላ ጫናቸው። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ነው። ሲደርሱ አንደኛው ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘዋል። ነገሩን አሳምረው እንዲናገሩ የተመረጡት ሁለተኛው ምላሳቸውን ነክሰው አፋቸው አብጧል። ስለዚህ ልጅቷን የመጠየቁ ነገር በሦስተኛው ላይ ወደቀ፤ እሳቸው ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሲናገሩ የሰማ ሰው አልነበረም።

አያ ንጋቱ እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ አዩና፣ «ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት፣ ወይስ ወጌሻ ፍለጋ?» አሉ።

ልጅቷን አልከለከሉም። ልየውን ግን ለብቻው ጠርተው እንዲህ አሉት፦ «እኔ ለሠርጉ ቀን ብቻ አይደለም የማስበው። ልጄ በዚች መኪና ገበያ ትወጣለች፣ ነገም አርግዛ ትሄድባታለች። ከሠርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ መጥተህ ውሰደኝ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት እቀመጣለሁ፣ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዤ። ካልፈሰሰ ጥር ላይ ደግሱ። ከፈሰሰ ግን ፋሲካን አሳልፈን እንነጋገራለን።»

«በብርሌ ቢሆንስ፣ አያ?» አለ ልየው ሊለማመጥ።

«ብርሌ አንገቷ ጠባብ ነው፤ ለአንተ ታዳላለች። ዋንጫ ነው ያልኩት።»

ለልየው ፋሲካ ማለት በመካከል ያለውን ጾም ሁሉ ያለ ትብለጥ መክረም ነው። በዚያ ላይ ደግሞ አገር ሁሉ «መኪናው አስከለከለው» እያለ ይስቅበታል።

ልየው ሦስት አብሮ አደጎች አሉት፤ ሽባባው፣ የኔሰውና አንዳርጌ። ሦስቱም ሚዜ እንደሚሆኑ የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው ተራቸው ነበር። በዚያ አገር ደግሞ አንደኛ ሚዜነት ሱፍ ለብሶ ከሙሽራው ጎን ለፎቶ መቆም ብቻ አይደለም። ሙሽራዋን ከአባቷ እጅ የሚቀበላት አንደኛው ሚዜ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ ይሆናል። ባልና ሚስት ቢጋጩ የምትሄደው እሱ ቤት ነው። ባሏን ተቆጥቶ የሚያስታርቃትም እሱ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ሳይናገሩት ቦታውን በልባቸው ይመኙት ነበር።

ልየው ጭንቅ ቢለው በግቢው መካከል ቆሞ፣ «ይችን መኪና መዝለሏን ያስተዋት ሰው፣ አንደኛ ሚዜዬ እሱ ነው!» ብሎ ማለላቸው። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ሥራው የአንድ ሰው መሆኑን ማን ነገረው? ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሦስቱም ሰምተዋል።

ሽባባው የልየውን የምትመስል፣ በቀለም ብቻ የምትለይ ፒካፕ አለችው። በከተማዋ ሱቅ ሁሉ ሾክ አብዞርበር ተፈልጎ ታጣ፤ ከባሕር ዳር ይምጣ ቢባል ቅዳሜ አይጠብቅም። ሽባባው ከመካከላቸው ጠፋ። ቤቱ ሄዶ የራሱን መኪና በክሪክ አነሳ፤ በቅርቡ ያስገባቸውን ሁለቱን ሾክ አብዞርበሮች ፈትቶ፣ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟቸው መጣ። ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጭነው የጠርሙስ መጠጥ ነው። ያለ ሾክ አብዞርበር ጠርሙስ የሚጭን ሰው የለም። መኪናውን አቆማት፤ ደንበኞቹም ሌላ ጫኝ ያዙ።

«ደንበኞችህስ?» አለው ልየው፣ ዕቃውን ለመቀበል እያመነታ።

«ደንበኛ ይመለሳል» አለ ሽባባው። «ትብለጥ ካመለጠችህ አትመለስም።»

የኔሰው ብረት በያጅ ነው። ዓርብ ጠዋት ወደ ልየው ግቢ የመጣው ለመሥራት አልነበረም፤ ልብስ ሰፊው የጨረሰለትን የሚዜ ሱፍ ለብሶ ለማሳየት ነው። ሲደርስ መኪናዋ የኋላዋ በክሪክ ተነስቶ፣ ከጎኗ ደግሞ ልየውና ሽባባው ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል። የሞቱት ሾክ አብዞርበሮች የላይኛዎቹ ብሎኖች ተፈትተዋል፤ የታችኛዎቹ ግን ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። አንድ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብሎ፣ «በመጋዝ ቁረጡትና ተገላገሉ» አለ።

«ተሸካሚው ብረት አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያማ አዲሱ በምን ይያዛል?» አለ የኔሰው። ይህን ሲል ግማሽ አካሉ መኪናዋ ሥር ገብቷል፤ ሱፉ ትዝም አላለውም። ናፍታ ያጠጣል፣ በመዶሻ ዝግ ብሎ ይመታል፣ ይሞክራል፤ እምቢ ሲለው እንደገና ናፍታ ያጠጣል። ምሳ ቀርቦ ቢጠሩት «እሱ ሲወጣ እኔም እወጣለሁ» አለ። የጣቶቹ ቆዳ ተላጠ፤ ደሙን በሱሪው እየጠረገ ቀጠለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ብሎን ሲጥ አለ፤ የኔሰው ከሥር ሆኖ የጮኸው ጩኸት ቤተ ክርስቲያን ድረስ ተሰማ። ሲወጣ ሱፉ ምን ቀለም እንደነበረ ለማወቅ ኪሱን መገልበጥ ያስፈልግ ነበር። እሱ ግን ደስታው አላስቆመው ስላለ፣ መኪናዋ እዚያው ክሪኩ ላይ እንዳለች የሽባባውን ሾክ አብዞርበሮች ገጥሞ፣ ከላይም ከታችም ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው።

አንዳርጌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ዓርብ ሙሉ ቀን በለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሲያሾፍ ዋለ እንጂ ቁልፍ እንኳ አላቀበለም። «የኔሰው፣ ሱፍህን ለግሪስ ዳርከው እኮ!» እያለ ሰውን ሲያስቅ ነበር። ይሁንና የከተማዋ ሾፌርና ሜካኒክ ሁሉ የሚላጨው እሱ ዘንድ ነው፤ የሚላጭ ሰው ደግሞ ያወራል፣ አንዳርጌም ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ልየው ታጥቦ፣ ለብሶ ሊነሳ ሲል አንዳርጌ ከኋላ ዘሎ ወጣና፣ «መጀመሪያ እኔን በገበያው ድንጋይ ላይ አንድ ዙር አዙረኝ» አለ። ዞረው ተመለሱ። አንዳርጌ መቀመጫውን እያሻሸ ወረደ፤ ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየና፣ «ፍቱት» አለ።

«ምኑን?» አለ የኔሰው።

«ያሰርከውን። ብሎኑ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዟል። ተንጠልጥላ እያለች ነው ያጠበቅኸው። ጎማዋ መሬት ረግጦ፣ ክብደቷን ተሸክማ እያለች ነው የሚጠብቀው። እንዲህ ሆና ከወረደች ድንጋዩ ላይ ጎሚኒው ይቀደድና እንደ ድሮዋ ትሆናለች።»

«እጄ ተልጦ የሠራሁትን ፀጉር አስተካካይ ሊያርመኝ ነው?» የኔሰው በጣም ተከፋ።

ልየውም ተናደደ። ፀሐይ ወጥታለች፤ አያ ንጋቱ ዋንጫቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ይታየዋል፤ ይህ ሰውዬ ትናንት ሲቀልድ ውሎ ዛሬ ይፈርዳል! ሞተሩን አስነሳ። ያን ጊዜ አንዳርጌ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ሄዶ ከግቢው በር ላይ ጋደም አለ። «እንግዲያው በላዬ ሂዱ» አለ። ልየው ጥሩምባ ነፋ፤ አንዳርጌ ዓይኑን ጨፈነ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳቀ። የልየው እናት ብቻ አልሳቁም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እስቲ አንድ ጊዜ እዩት» አሉ። የኔሰው እያጉረመረመ ሥሯ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። «ልክ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጎማዋ መሬት እንደረገጠ ብሎኖቹን ላላ አደረጉ፤ ከኋላዋ ላይ ሰው ጭነው ወዘወዟት፤ ከዚያ እንደገና አጠበቁ። እስከዚያ ረፍዶ ነበር።

ልየው ቁልቁለቱን ወርዶ ሲደርስ አያ ንጋቱን እንደተፈራው በር ላይ ቆመው አገኛቸው። ፍራሹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ዋንጫው እስከ ከንፈሩ ተሞላላቸው። ልየው ዳገቱን እንደ ኤሊ ሲጀምረው የመኪናዋን ጣሪያ በከዘራቸው መቱና፣ «ንዳ እንጂ! ልጄን ለሠርግ ነው የምትወስዳት ለቀብር?» ብለው ጮኹ። ነዳ። ፒካፗ ጉድጓድ ስታገኝ ዝቅ ትላለች፣ ከፍ ትላለች፣ አለቀ። ልየው ግን የኋላውን ማየት ስለማይችል፣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ትብለጥ ከእጁ የምታመልጥ እየመሰለው፣ መሪውን አንቆ እየጸለየ ወጣ። ከራሱ ግቢ ደርሶ ሲያቆም ሮጦ ወደ ኋላ ሄደ። ዋንጫው ተጋምሷል።

አያ ንጋቱ ጢማቸውን ጠረጉ። «አንድም ጠብታ አልፈሰሰም» አሉ። «መንገዱ ስለተመቸኝ ጠጣሁት።»

እልልታው ቀለጠ። ልየው መጀመሪያ አማቱን፣ ቀጥሎ ጓደኞቹን፣ በመጨረሻ ደግሞ ፒካፗን ሳመ። ሁሉም ጋብ ሲል አያ ንጋቱ ወርደው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «በል እንግዲህ፣ አንደኛ ሚዜህን አሳየኝ። የልጄን እጅ ለማን እንደማስጨብጥ ዛሬ ልወቀው» አሉ።

ልየው ዞሮ ሦስቱን አያቸው። መሐላው ትዝ አለው፤ እነሱም አልረሱትም።

«መኪናዬ የቆመችው ለማን ብላ ነው?» አለ ሽባባው።

«እኔ ዝገቱን ባልፈታው የአንተ ስጦታ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይቀር ነበር» አለ የኔሰው፣ የተላጡ ጣቶቹን እያሳየ።

«እኔ በሩ ላይ ባልተኛስ?» አለ አንዳርጌ። «ይሄኔ አያ ጠላውን ለብሰውት ነበር።»

ሲናገሩ እየሳቁ ነው፤ ወደ ኋላ ያለ ግን የለም። የልየው እናት ለሽባባው አደሉ፤ «ካለው ላይ ቆርሶ የሰጠ፣ ሲጎድልባት ይደርስላታል» አሉ። አያ ንጋቱ የየኔሰውን ጣቶች ትኩር ብለው አዩና፣ «እንዲህ ያለ ዝገት የፈታ የባልና ሚስት ጥል አያቅተውም» አሉ። በአጥሩ ላይ ያለው ጎረቤት ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ባል ሲያጠፋ በር ላይ ተኝቶ የሚያስቆም ነው የሚያስፈልጋት!» ብሎ ወደ አንዳርጌ ጠቆመ። ልየው ሦስቱም እውነት መሰሉት። ሦስቱንም ይወዳቸዋል፤ መከራውም ይኸው ነው። አንዱን ቢጠራ ሁለቱን ያስከፋል።

አያ ንጋቱ እስከ አሁን እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ናት ብላችሁ አትፍረዱ፣ የራሳችሁን ልጅ እንደምትድሩ ሆናችሁ እንጂ። የሚያስከፋት ቀን ቢመጣ ሮጣ በሩን የምታንኳኳው፣ አንደኛ ሚዜነት የሚገባው ለማን ነው? ያለውን አውጥቶ ለሰጠው፣ እጁ እስኪላጥ ለለፋው፣ ወይስ ሁሉም ሲቸኩል «ቁሙ» ብሎ በር ላይ ለተኛው?