በልጅ ስም የተማለባት ጽጌረዳ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑን አትጠይቁኝ፣ ፊታውራሪ አምበርብር የሚባሉ መሐላ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ። ድሮ የሚምሉት በሚስታቸው ነበር። ለትልቁም ለትንሹም ነገር «ዘነበች ትሙት!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ታዲያ እንዲህ ብለው ለጎረቤታቸው የገቡትን ቃል አፈረሱ። የንስሐ አባታቸው መሐላውን ፈቱላቸው፤ ወሩ ሳይወጣ ግን ወይዘሮ ዘነበች ታመው ሞቱ። መሐላው ገደላቸው አልልም፣ እኔ ምን አውቄ! አገሩ ግን እንደዚያ አለ፤ ፊታውራሪም እንደዚያ አመኑ።

ወይዘሮዋ በእጃቸው የተከሏት አንዲት ጽጌረዳ በግቢው ቀርታለች። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ተክሏ እንቡጥ በእንቡጥ ሆነች፤ ወዲያው ጢንዚዛ ወረራት። ጀርባው የሚያብረቀርቅ፣ እንቡጡን ከውስጥ ቦርቡሮ የሚበላ ጥቁር ጢንዚዛ ነው። ፊታውራሪ ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። አትክልተኛውን አያ ገላውን ከነሦስት ልጆቻቸው አስጠሩ።

«ለሙት ዓመቷ አንዲት ጤነኛ አበባ ካጣሁ ሁላችሁንም ከግቢዬ አስወጣለሁ። አበባዋን ላዳነልኝ ሰው ግን፣ ለእሱ ለብቻው፣ የምትኖሩበትን ቤትና የጓሮውን መሬት እሰጣለሁ። ለማይገባው ብሰጥ ትርንጎ ትሙት!» አሉ።

ትርንጎ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ናት፣ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች። በር ላይ ቆማ ሰማች። ፊታውራሪ ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷን እህል አልወርድ አላት።

የአያ ገላው ታላቅ ልጅ ጥላዬ ቀደመ። ጢንዚዛ ጎህ ሲቀድ በብርድ ደንዝዞ መብረር እንደማይችል ያውቃል። ጋቢውን ከተክሏ ሥር አነጠፈና ግንዷን ይዞ ናጣት። ጢንዚዛው እንደ ባቄላ ረገፈ፤ እሱም እየሰበሰበ የእንዶድ አረፋ በሞላበት ገበቴ ውስጥ አሰጠመው። በየማለዳው እንዲህ አደረገ። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ከመናጡ ብዛት እንቡጡም አብሮ ረግፏል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከየት እንደሆነ እንጃ ሌላ ጢንዚዛ እየበረረ ይመጣል። ያም ሆኖ በዚያ ሰሞን ጥላዬ ባይኖር አንድም እንቡጥ አይተርፍም ነበር።

መካከለኛዋ የሻረግ ቁጡ ናት፣ ባለሙያም ናት። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጣ ዘፍዝፋ አሳደረች፤ በሻሽ አጠለለችውና በቅጠል እያጠቀሰች ተክሏ ላይ ረጨችው። ጢንዚዛው እየመጣ ያንዣብባል እንጂ አያርፍም። የእሷም መዳፍ ተቃጥሎ እንቅልፍ ነሳት። አንድ ቀን ትርንጎ ማንም ሳያያት መጥታ እንቡጡን አሸተተች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ዓይኗ ተገለበጠና ወደቀች። ፊታውራሪ «መሐላው ደረሰብኝ» ብለው መሬት ላይ ተዘረጉ። የግቢው ሰው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ። የሻረግ ብቻ ሮጣ የልጅቷን ፊት በወተት አጠበች፤ ልጅቷ አስነጠሰችና አለቀሰች።

«ሚጥሚጣ ነው፤ ሞት አይደለም» አለች የሻረግ። ከዚያ ወዲያ ውኃ ጨምራ አቀጠነችውና መርጨቷን ቀጠለች፤ ብታቆም አበባዋ አለቀላት።

ታናሽየው አንዳርጌ ደግሞ ይህ ሁሉ ጢንዚዛ ከየት ይፈላል ብሎ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አባቱ አያ ገላው ሟቿን ይወዷቸው ነበርና፣ አበባቸው እንዲፋፋ ብለው ከበቅሎ ጋጣ ፍግ እያመጡ ከሥሯ ቆልለውላት ነበር። አንዳርጌ ፍጉን ገለጥ ሲያደርገው ወፋፍራም ነጫጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ የጢንዚዛ ልጅ ነው። መቆፈር ሲጀምር አባቱ ሥሯን ልትቆርጥ ነው፣ ልታስጨርሰን ነው ብለው እጁን ያዙት። እሱ እጁን አስለቀቀና ቆፈረ። ትሉን ለዶሮ በተነ፤ ፍጉን እስከ ጋጣው ድረስ ጠርጎ አቃጠለው። ተክሏ ጠወለገች። ጥላዬ ወንድሙን ሊመታ ተነሳ፤ አያ ገላው ጓዛቸውን መሸከፍ ጀመሩ። አንዳርጌ ግን ውኃ ሲያጠጣት ሰነበተና ቀና አለች። ከዚያ በኋላ አዲስ ጢንዚዛ አልመጣም።

የሙት ዓመቱ ዕለት አንዲት አበባ ፈነዳች። አንድም ቀዳዳ የላትም። ፊታውራሪ አይተው አለቀሱ፤ ወዲያው ደግሞ ለማን ልስጥ ብለው ተጨነቁ። ሽማግሌ አስቀመጡ።

አንዱ ሽማግሌ ለሦስት ይካፈሉት አለ። ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ለብቻው» ብለው ምለዋል። የንስሐ አባታቸው እኔ ልፍታው አሉ።

«የዘነበችንም ፈትተውልኝ ነበር፣ አባቴ» አሉ ፊታውራሪ።

ሦስቱ ልጆችም ትርንጎ ከስታ ሲያዩ፣ እኔ ትቼዋለሁ፣ እኔም ትቼዋለሁ ተባባሉ። ፊታውራሪ ግን ቤቱን መተው ትችላላችሁ፣ የሚገባው ሰው ግን ስለተወ አይለወጥም አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ጥላዬ ባይቀድም ሌሎቹ የሚያድኑት እንቡጥ ከየት ያገኙ ነበር የሚል አለ። የሻረግ ባትረጭ የተረፈው እንቡጥ በአንድ ከሰዓት ይበላ ነበር የሚል አለ። አንዳርጌ ምንጩን ባያደርቀው የሁለቱ ልፋት ወንፊት ላይ ውኃ ማፍሰስ ነበር የሚልም አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ከዘራ ተነሳ። ይሄኔ ትርንጎ መጥታ መሃላቸው ቆመች።

«አባቶቼ፣ እንዳትሳሳቱ። የምሞተው እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን መሬት አስቀመጡ፤ ለመፍረድ ግን አንዱም አልደፈረም። እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ፈሪ ነኝ፣ አልፈርድም። እናንተ ግን ለማሸነፍ ብላችሁ አትከራከሩ። ልጅቷ ከፊታችሁ ቆማ አፍ አፋችሁን ታያለች። ቤቱና መሬቱ የሚገባው ለማን ነው?